«አይቻልም» ሲል ምክንያቱን የሚያወጣው ሶልቨር

የፈተና መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው መቶ ቅድመ ሁኔታ ለኮምፒውተር ሰጥቶ «አይቻልም» የሚል መልስ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ከመቶው የትኛውን ማንሳት እንዳለበት ካልተነገረው መልሱ ብዙም አይጠቅመውም። ቅድመ ሁኔታዎች አብረው መሟላት መቻላቸውን የሚፈትሸው ዜድ3 የተባለው ፕሮግራም (ሶልቨር) ግን ከተጠየቀ ግጭቱን የፈጠሩትን ቅድመ ሁኔታዎች ለይቶ ያወጣል። ይህ ተለይቶ የሚወጣው ስብስብ በሙያው አንሳት ኮር ይባላል።

ዜድ3 የተወለደው በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ነው። ሊዮናርዶ ዴ ሞራና ኒኮላይ ቢዮርነር እ.ኤ.አ. በ2008 በጽሑፍ አስተዋወቁት፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል። ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጠው የዳፍኒ ቋንቋም የሚተማመነው በእሱ ላይ ነው።

አሠራሩን በትንሽ ምሳሌ እንየው። ሰኞን 1፣ ማክሰኞን 2 እያልን እስከ ዓርብ 5 እንቁጠር። አምስት ቅድመ ሁኔታዎች አሉን፦ ሒሳብ ከረቡዕ በፊት አይሰጥም፤ ፊዚክስ ከሒሳብ ቢያንስ 2 ቀን ይዘገያል፤ ፊዚክስ ከሐሙስ አያልፍም፤ ኬሚስትሪ ሰኞ ነው፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በአንድ ቀን አይውሉም። ሒሳብ ቢፈጥን 3ኛው ቀን ላይ ነው፤ ስለዚህ ፊዚክስ ከ5ኛው ቀን ሊቀድም አይችልም፤ የተፈቀደለት ግን እስከ 4ኛው ብቻ ነው። ኮሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢነሳ መርሐ ግብሩ ይወጣል። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በነገሩ የሉበትም።

ችግር የሚመጣው ቅድመ ሁኔታዎቹ እንደ ፎርሙላ ተጽፈው ከፋይል ሲነበቡ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፉት ኤስኤምቲ-ሊብ በተባለው የጋራ ፎርማት ነው። የዜድ3 ፓርሰር ጽሑፉን አንብቦ የፎርሙላ ዝርዝር ይመልሳል። ፕሮግራመሩ ይህን ዝርዝር እንዳለ በ«አድ» ትእዛዝ ወደ ሶልቨሩ ቢጨምረው «አንሳት» (አይቻልም) የሚለውን መልስ ያገኛል፤ ኮሩን ሲጠይቅ ግን ባዶ ዝርዝር ይመጣለታል። ሶልቨሩ አልተሳሳተም። ኮር ውስጥ የሚገባው መለያ የተሰጠው ፎርሙላ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እየዞሩ፣ ለእያንዳንዱ ፎርሙላ አዲስ የቡሊያን ስም እየሰጡ፣ «አሰርት ኤንድ ትራክ» በሚለው የኤፒአይ ትእዛዝ ማስገባት ያስፈልጋል። ተመልሶ የሚመጣው ስሙ እንጂ ፎርሙላው ስላልሆነ፣ የትኛው ስም የማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ጎን ለጎን መያዝ ግድ ነው።

ፋይሉ አምስቱንም ቅድመ ሁኔታዎች በ«እና» አያይዞ እንደ አንድ ፎርሙላ ቢጽፋቸውስ? መለያው አንድ፣ ኮሩም ያው አንዱ ይሆናል፤ ከዚህ ምንም አይገኝም። መለያ ከመስጠት በፊት በ«እና» የተያያዘውን መፍታት ይሻላል። በተቃራኒው «ፈተና ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው» እንደሚለው የማይነካ ሐቅ ካለ፣ ያለ መለያ ማስገባቱ ተገቢ ነው፤ ሶልቨሩ ያስብበታል፣ ከተጠርጣሪዎች ግን አይቆጥረውም። ይህን ክፍፍል የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት የሥራው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው።

ኮሩ ሁልጊዜ የመጨረሻው ትንሹ ነው ማለት አይቻልም፤ ዜድ3 ትርፍ ፎርሙላ ሊያካትት ይችላል። ማጥሪያ አማራጭ አለው፤ በእጅም ይሠራል፦ አንዱን አውጥቶ መፈተሽ፣ ግጭቱ ካልጠፋ መጣል፣ ከጠፋ መመለስ። ፎርሙላዎቹ ከከበዱ ግን እያንዳንዱ ፍተሻ ጊዜ ይበላል፤ «አላውቅም» የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል።

በአንድ ፋይል ውስጥ ከአንድ በላይ ግጭት ሊኖር እንደሚችልም አትርሱ። ዜድ3 የሚሰጣችሁ አንዱን ነው። እሱን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት እንደገና አስፈትሹት።