ሰም ቆጣሪው ማሽን

ጉግል ላይ «ልደታ» ብላችሁ ብትጽፉ አራት ልደታ ይመጣላችኋል። አንደኛው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ግንቦት 1 ቀን ንፍሮ ተቀቅሎ ደጅ የሚወጣበት በዓልም አብሮት ይመጣል። ሁለተኛው ክፍለ ከተማው ነው። ሦስተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቱ ሲሆን ክስ፣ ዋስትናና ቀጠሮ ይከተሉታል። አራተኛው ነባሩ ሰፈር ፈርሶ የተሠራው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱም ከኪራይ ማስታወቂያው ጋር። እንግዲህ አንድ የክፍለ ከተማ ሹም «ሕዝቡ ስለ ልደታ ምን ይላል?» ብሎ በኮምፒውተር ቢያስለካ፣ ካልተጠነቀቀ አራቱም ተቀላቅለው በአንድ ቁጥር ይቀርቡለታል። የበዓሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ለአስተዳደሩ የተሰጠ ምስጋና ይሆናል፤ የነፍስ ግድያ ችሎት ዜና ደግሞ የሰፈሩ ምሬት ተብሎ ይመዘገባል።

የሕዝብን ልብ የማወቁ ፍላጎት አዲስ አይደለም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር የሚባለው ለዚሁ ነው፤ ሹም ፊት የማይነገረውን እረኛ በዘፈኑ ይለዋልና። የዛሬው መንገድ «ሴንቲመንት አናሊሲስ» ይባላል፤ በአማርኛ የስሜት ትንተና። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ይሰበስባል፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ አዎንታዊ፣ አሉታዊ ወይም ገለልተኛ ብሎ ይመድባል፣ ከዚያ ይደምራል።

ከቀደምቶቹ መሣሪያዎች አንዱ ፍርዱን የሚሰጠው መፈለጊያውን እየጠየቀ ነበር። የሠራው ካናዳዊው ተመራማሪ ፒተር ተርኒ ነው፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002። በጊዜው ስመ ጥር የነበረው መፈለጊያ አልታቪስታ፣ ሁለት ቃላት እስከ አሥር ቃል ርቀት ተጠጋግተው የተጻፉባቸውን ገጾች ለይቶ መቁጠር ይችል ነበር። ተርኒ ከአንድ አስተያየት ውስጥ ሐረጎችን ያወጣል። ከዚያ ይህ ሐረግ «ግሩም» ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ ስንት ጊዜ ተጻፈ፣ «ደካማ» ማለት ከሆነው አጠገብስ ስንት ጊዜ ብሎ ያስቆጥራል። ከግሩም ጋር የሚውለው ጥሩ ነጥብ፣ ከደካማ ጋር የሚውለው መጥፎ ነጥብ ያገኛል፤ የነጥቦቹ አማካይ ፍርዱ ነው። ስለ መኪና፣ ባንክ፣ ፊልምና የጉዞ መዳረሻ የተጻፉ 410 አስተያየቶች ላይ ተሞክሮ በአማካይ 74 በመቶውን በትክክል ለይቷል። በመኪናዎቹ 84 በመቶ ሲደርስ ፊልም ላይ 66 በመቶ ብቻ ሆነ። ጥሩ ፊልም ውስጥ ገዳይ አለ፣ ጦርነት አለ፤ ተመልካቹ ታሪኩን እያደነቀ ሲተርክ ማሽኑ የሚሰማው ደሙን ብቻ ነው። የልደታን የችሎት ዜና ከሰፈሩ ምሬት የሚያምታታውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ጉግል ትሬንድስ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከስሜት ትንተና ጋር ያምታታዋል። የአንድን ቃል ፍለጋ ከ0 እስከ 100 በሆነ ሚዛን ያሳያል፣ መዝገቡም እ.ኤ.አ. ከ2004 ይጀምራል። ብዙ ሰው ፈለገ ማለት ወደደ ወይም ጠላ ማለት አይደለም። ጉግል ራሱ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት ከፍለጋ ብዛት ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሮ ነበር፤ በ2012/13 የጉንፋን ወቅት ከእውነተኛው እጅግ አብዝቶ ገመተና በ2015 አገልግሎቱ ተዘጋ።

አማርኛ ላይ ሲመጣ ጣጣው ከፊደሉ ይጀምራል። «ሕዝብ» እና «ህዝብ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ካልተነገረው በቀር ለማሽኑ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። አሉታችንም ብቻውን አይቆምም፤ «ወደድኩት» ከፊቱ «አል»፣ ከኋላው «ም» ተጨምሮበት በዚያው አንድ ቃል ውስጥ ይገለበጣል። የቃል ዝርዝር ይዞ የሚቆጥር መሣሪያ «አይከፋም»ን ከክፉ ጎራ ያስቀምጠዋል፤ «ወድጄ መሰለህ?» የሚለውን እሮሮ ደግሞ የፍቅር ቃል አድርጎ ይቀበለዋል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውን ወጣት ሳንቆጥር ነው ይህ ሁሉ።

ይህ በሥራ ብዛት ይፈታል። የማይፈታው ሽሙጡ ነው። መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን አንዱ «ተባረኩ፣ በሻማ ራት መብላት አስለመዳችሁን» ብሎ ቢጽፍ፣ በማሽኑ መዝገብ አንድ ረክቻለሁ ባይ ተጨመረ ማለት ነው። ሰምና ወርቅን እንደ ሙያ የሚያስተምር አገር ሰው፣ የሚፈራውንና የሚጠላውን ፊት ለፊት ከሚሰድብ ይልቅ አመስግኖ ማለፍን ያውቅበታል። እንግዲህ ምሬቱ በበረታ ቁጥር ምስጋናው ሊበዛ ነው፤ ሰሙን ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ በጣም የሚሳሳተው ሹሙ እውነቱን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ይሆናል።

ይህን የምለው ከራሴ ግምት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሰይድ ሙሄ ይማም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት 9400 ገደማ የአማርኛ ትዊቶች ተሰብስበዋል። ማሽን ከመማሩ በፊት ሰው መፍረድ አለበት፤ ለዚህ ሥራ የታወቁት የውጭ መድረኮች ደግሞ ያኔ አማርኛን አያስተናግዱም ነበር። ስለዚህ ቡድኑ የቴሌግራም ቦት ሠራ። ቦቱ ትዊቱን ይልካል፣ ተጠቃሚው ስሜቱን ለይቶ ይጫናል፣ ለድካሙም የሞባይል ካርድ ያገኛል። እያንዳንዱ ትዊት ለሦስት ሰው ቀረበ። ብልሃቱን ወድጄዋለሁ፤ ሰዉ ካለበት ሄዶ መጠየቅ ነውና። ተመራማሪዎቹ ዋነኛ እንቅፋት ብለው የለዩት ሽሙጥንና ዘይቤያዊ አነጋገርን ነው። ሦስት አማርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተስማሙ ማሽኑ ከማን ጋር ይስማማ?

እ.ኤ.አ. በ2023 አፍሪሴንቲ የተባለ ሰፋ ያለ ስብስብ ወጣ፤ በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከ110000 በላይ ትዊቶች የያዘ። ከኢትዮጵያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ገብተዋል። ነገር ግን በውድድሩ ላይ ኦሮምኛና ትግርኛ የቀረቡት ለፈተና ብቻ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ማሽናቸውን በሌሎች ቋንቋዎች አሠልጥነው በእነዚህ እንዲፈተኑ ነው የተደረገው። ልደታ ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ማን ጻፈ የሚለው ይመጣል። ከኢትዮጵያውያን ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአምስት አንዱ ገደማ ነው። የሚጠቀመውም ቢሆን የውሃውን፣ የጥበቃውንና የሊፍቱን ነገር የሚያወራው ጉግል በማያየው የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። መስመሩ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል፦ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። አገር በተናወጠበት በዚያ ወቅት የማሽኑ ሰንጠረዥ የሚያሳየው ዝምታ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ በተዘጋባቸው ወራት በቪፒኤን የገባው ሰው ደግሞ ሌላ አገር ያለ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዋሽንግተን ተቀምጦ በአማርኛ የሚጽፈው ወገናችን በበኩሉ የልደታ ነዋሪ ሊመስል ይችላል።

አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት ተቋም የአገሪቱን ሕዝብ አስተያየት ሲለካ የሚሄደው ወደ 2400 ገደማ ሰዎች ነው፤ በዕጣ ተመርጠው ቤታቸው ድረስ ተሂዶ በቋንቋቸው ይጠየቃሉ። ውድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2013 ከሠራ በኋላ የተመለሰው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። በመሀል ባለው ጊዜ የስሜት መለኪያው ሊያግዝ ይችላል፤ በተለይ ለውጥን ለማየት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ውሃ የሚጻፈው በእጥፍ ከጨመረ፣ ሰው ልኮ ለማስጠየቅ ከበቂ በላይ ምልክት ነው።

«የልደታ ነዋሪ 70 በመቶ ረክቷል» የሚል ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ግን አቅራቢውን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም። የቱ ልደታ ነው? በስንት አጻጻፍ ተፈለገ? በየትኛው ቋንቋ? «ተባረኩ» ስንት ጊዜ መጣ፣ ያነበበውስ ሰው አለ? ስንቱ ነው ቪፒኤን ከፍቶ «ከአምስተርዳም» የጻፈው?