ከወፍጮ ቤት እስከ ኮምቦልቻ፦ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሽያን ጉዞ

ከሚሴ ውስጥ የቤት መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሽያን አይጠፋም። ቱቦ ቀብሮ፣ ሽቦ ስቦ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ብዙ ወጣት ከሰፈር ባለሙያ ጎን ሆኖ የሚለምደው ሥራ ነው። ነገሩ ሦስት ፌዝና 380 ቮልት ላይ ሲደርስ ግን ባለሙያው ይመናመናል።

በወረቀት ላይ መንገዱ ጥርት ያለ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን ከደረጃ 1 እስከ 5 ከፍሎት ነበር። በትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል። ሁሉም «ሲኦሲ» የሚለው የብቃት ምዘናም ሙያውን በሥራ ላይ ለለመደ ሰው ክፍት ነው። ታዲያ 70 በመቶው የት ይገኛል?

ከሚሴ የንግድ ከተማ ናት፤ ተለማማጁ በቅርብ የሚያገኘው ትልቅ ሞተር የወፍጮ ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት መናቅ አይገባም። በስታር ዴልታ የሚነሳ ሞተር ስድስት ጫፎቹ በሦስት ኮንታክተሮች በኩል ይገናኛሉ። በስታር ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ፣ በቀጥታ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው ሲሶው ብቻ ነው፤ ታይመሩ ሞተሩ ፍጥነት ሳይዝ ወደ ዴልታ ካዞረው ግን ጥቅሙ ይቀራል። ሁለት ፌዝ ከተቀያየረ ወፍጮው ወደ ኋላ ይዞራል። አንድ ፌዝ ከተቋረጠ ደግሞ ሞተሩ እያጓራ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ጭነት የሚከላከለው ኦቨርሎድ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር መሠረት ካልተስተካከለ ጥቅልሉ ይቃጠላል። «አስቸገረን» ተብሎ ኦቨርሎዱ በሽቦ ሲዘለል ማየት ረዳቱ ከአለቃው የሚወርሰው ክፉ ልማድ ነው፤ በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ትልቁ ጠንቅም እሱ ነው።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካውና በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ናቸው። የፓነል ንድፍ ማንበብ፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያና ፒኤልሲ የሚለመዱት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ፓርኩ ሲዘረፍ የጠፋው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የመለማመጃ ቦታም አብሮ ተጓድሏል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተለማማጅነት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በሰፈር ግን ነገሩ በቃል ነው፤ ረዳቱ የሚያገኘውም አለቃው የፈቀደለትን ነው። ዳፋው የሚታየው ቆይቶ ነው። በራሱ ስም የኤሌክትሪክ ሥራ ለመያዝ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ሲጠይቅ የሥራ ልምዱን ማሳየት አለበት፤ ውል ላልነበረው ረዳት ያን ልምድ የሚጽፍለት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።