«ፍሬን በጠሰ» ሲባል የተበጠሰው ምንድን ነው?

የመኪና አደጋ ዜና ስትሰሙ አንድ አባባል ደጋግሞ ይመጣል፦ «ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ…»። አባባሉ የሆነ ሽቦ ወይም ገመድ ድንገት ጧ ብሎ የተቆረጠ ያስመስለዋል። እርግጥ ነው፣ አንዳንዴ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ ይቀደዳል፤ የሚሰበር ዕቃም ይኖራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ምንም ሳይበጠስ፣ ምንም ሳይሰበር ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል። ይባስ ብሎ፣ መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሬኑ ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል!

ታዲያ ምን ነክቶት ነው? መልሱ ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሆነና ምን እንደሚያበላሽ አብረን እንይ። መንጃ ፈቃድ የለኝም ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ተሳፋሪ ከሆናችሁ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ፍሬን ምድጃ ነው

የፍሬን ሥራ መኪና ማቆም ነው እንላለን። በፊዚክስ ዓይን ካየነው ግን ፍሬን ምድጃ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ሸራው ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ብረት (ዲስኩን ወይም ታምቡሩን) ጨምቆ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ሰበቃ ይፈጠራል፤ የመኪናው የእንቅስቃሴ ኢነርጂም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢነርጂ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። መኪናው በዘገየ ቁጥር ብረቱ ይግላል።

ሜዳ ላይ ይሄ ችግር አይሆንም። አንዴ ትይዛላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ዳገት ስንወጣ ነዳጅ አቃጥለን ከፍታ እንገዛለን። ስንወርድ ያ ሁሉ ኢነርጂ ይመለሳል፤ የሆነ ቦታ መሄድም አለበት።

እስቲ ብዙዎቻችን የምናውቀውን የዓባይ በረሃን መንገድ እንውሰድ። ከጎሃ ፅዮን ተነስታችሁ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ከፍታው በ1,400 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሚኒባሱ ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ስሌቱ የ9ኛ ክፍል ነው፦ 3,000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1,400። ውጤቱ 41 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው።

41 ሚሊዮን ጁል ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ኢነርጂ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ብናሞቅ፣ ወደ 135 ሊትር ያህል ማፍላት እንችላለን። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሰባት ገደማ መሆኑ ነው።

ይሄ ሁሉ ፍሬን ላይ አያርፍም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንወርድ የጎማው መንከባለልና የነፋሱ ግፊት ተደማምረው አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳሉ። ቀሪው 33 ሚሊዮን ጁል ግን፣ ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ ሙሉ በሙሉ የፍሬኑ ዕዳ ነው። ጉዞው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለግማሽ ሰዓት ሲካፈል 18 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አምስት የእንጀራ ምጣድ ለግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ እየጋለ ነው፤ ያውም አራት ጎማ ውስጥ ተሸጉጦ።

በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። ይህን ሚኒባስ ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድርግም አድርጎ ለማቆም 185 ሺህ ጁል ያህል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ዓባይን በፍሬን ብቻ መውረድ ይህን ወደ 180 ጊዜ እንደመድገም ነው። በየ10 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው!

ሲግል ምን ይሆናል?

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት ዋና መንገድ ነው። ምልክታቸው ስለሚለያይ ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሸራው ላይ ይደርሳል። የፍሬን ሸራ የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው በሙጫ መሰል ማጣበቂያ የተያያዙበት ነው። ሙቀቱ ሸራው ከተሠራበት ወሰን ሲያልፍ ማጣበቂያው መበስበስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ሰበቃው ይቀንሳል፤ ሸራው ብረቱን ከመያዝ ይልቅ ይንሸራተትበታል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይዝም። የበለጠ ቢረግጥም ያው ነው። ከዚህ በፊት የሚመጣው ምልክት ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ጎማና ፕላስቲክ የሚመስል፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ። ታምቡር ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ብረት ሲግል ስለሚለጠጥ ታምቡሩ ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ይይዛል።

ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ላይ ይደርሳል። የሹፌሩን እግር ግፊት እስከ ጎማው የሚያደርሰው ይህ ዘይት ነው። ፈሳሽ ሲጨመቅ አያንስም፤ ከዚህ የገፋችሁት ከዚያ ይገፋል። ዘይቱ ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። በብዛት የሚሠራበት ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ዘይት ማለት ይሄ ነው።

የጋለው ብረት ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ያስተላልፋል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ሲጨመቅ ያንሳል። ሹፌሩ ሲረግጥ አረፋውን ብቻ ይጨምቃል፤ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆንና ወለል ድረስ ይገባል። መኪናው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይመለሳል። «ፍሬን በጠሰ» የተባለ መኪና ላይ የተበጠሰ ነገር የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ዕዳውን ለሞተሩ ማካፈል

መፍትሔው አዲስ መሣሪያ አይደለም፤ መኪናው ላይ ድሮም ያለ ነው። ሹፌሮች «በማርሽ መያዝ» ይሉታል። ከባድ ማርሽ፣ ለምሳሌ ሁለተኛ አስገብታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ብታነሡ፣ ጎማው ሞተሩን ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ደግሞ በቀላሉ አይሽከረከርም። በቤንዚን ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያው ስለተዘጋ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ የሚተሻሸው ክፍል ሁሉም ይጎትታል። የሚፈጠረውም ሙቀት በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። ሞተር እኮ ለረጅም ሰዓት ሙቀት እንዲያስወግድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፍሬን ግን ለአጭር ጊዜ ነው።

የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አየር ማስገቢያውን ስለማይዘጋ በማርሽ የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ከባድ መኪኖች የጭስ ማውጫውን በከፊል ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍን ተጨማሪ ፍሬን የሚገጠምላቸው።

የቆየ የሹፌሮች ምክር አለ፦ ቁልቁለቱን ብትወጣው ኖሮ በምትጠቀምበት ማርሽ ውረደው። ማርሹ መግባት ያለበት ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ ከባድ ማርሽ ማስገባት ያስቸግራል፤ ሙከራው ዜሮ ላይ አስቀርቶ ባዶ እጅ ሊያስወርድም ይችላል። አውቶማቲክ መኪና ላይም ማርሹን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ምርጫ አለ።

በማርሽ ተይዞም ፍሬን ያስፈልጋል። ያኔ ፔዳሉን ሳይለቁ እየነካኩ ከመውረድ፣ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን በ10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ይሻላል።

«ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»?

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ የሚያደርጉ፣ አልፎም ሞተር የሚያጠፉ ሹፌሮች አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ውድ ነው። ግን ስሌቱ ልክ አይደለም። የነዳጅ ርጭታቸው በኮምፒውተር የሚመራ መኪኖች በማርሽ ሆነው እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ርጭቱን ያቆማሉ፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ስለሆነ ነዳጅ አያስፈልግም። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ዜሮ ማርሽ ቁልቁለቱ ላይ የበለጠ ነዳጅ የሚፈጅበት ጊዜ አለ!

ሞተር ማጥፋት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች የሹፌሩን የእግር ኃይል የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር ክፍተት ነው። ሞተሩ ከጠፋ እገዛው ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ከተነቀለ ጭራሽ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ይህ ጥያቄ የሁላችንም ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረውን ኢነርጂ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ዓባይን ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ ወደ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ሁሉም ባይመለስም ቀላል አይደለም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። የሞላ ጀሪካን ላይ ውሃ መጨመር አይቻልም። ቁልቁለቱ አናት ላይ ባትሪው መቶ በመቶ ከሆነ ኢነርጂውን የሚቀበል ቦታ ስለሌለ ሞተሩ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሥራው ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አፋፍ ላይ ባለ ከተማ የሚያድር ሰው ጠዋት ቁልቁል የሚሄድ ከሆነ ባትሪውን ጥቂት አጉድሎ መነሣት ይበጀዋል።

ከተሳፋሪ ወንበር

ጣርማ በር፣ ሊማሊሞ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፤ አገራችን ቁልቁለት አልጎደላትም። ቀስ ብሎ፣ ሞተሩ እየጮኸ የሚወርድ አውቶብስ ስታዩ «ምነው ተጎተተ?» ማለት ይቀናናል። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ሹፌሩም ይሉኝታ ይዞት ማርሹን ያቀላል። አሁን ግን ያ ጩኸት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሞተሩ የፍሬኑን ዕዳ እየከፈለ ነው።

የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ዝም አትበሉ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ የሸተተ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆም ብንል?» ማለት ነውር የለውም። ቆማችሁም ማንም ሰው ጎማው ላይ ውሃ እንዳያፈስ ንገሩት፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ነፋሱ በራሱ ጊዜ ያቀዘቅዘው። የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ቡና አይበልጥ ይሆናል። ከዚያ ሹፌሩ ከባድ ማርሹን አስገብቶ ይቀጥል፤ ዘግይታችሁ ብትደርሱም ትደርሳላችሁ።