በበረዶ ላይ ዓሣ ስለ ማጥመድና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ፤ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ነው። ባለፈው ዓመት በሐይቅ መካከል በበረዶ ላይ ቆሞ ዓሣ እንዳጠመደ በስልክ ነገረን። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ «በውኃ ላይ የሄደ ጌታችን ነው፤ ጴጥሮስ እንኳ መስጠም ጀምሮ ነበር» ብላ እጅግ ደነገጠች። እኔም እርስዋን ለማረጋጋት ስል ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። ፍርሃትዋ ከንቱ እንዳልሆነ፤ ነገር ግን አደጋው መከላከያ እንዳለው ስለ ተረዳሁ፤ ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ እገልጻለሁ።

ሚኒሶታ ከ10,000 የሚበልጡ ሐይቆች አሏት። በብርዱ ወራት የሐይቆቹ ፊት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ታዲያ ዓሣው እንዴት ይኖራል? ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ከላይ ይሆናል። ስለዚህ በረዶው እንደ ጣራ ከላይ ሲጋገር ከበታቹ ያለው ውኃ ሳይረጋ ይቀራል። አጥማጁም በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳና በቀዳዳው መንጠቆውን ያወርዳል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የበረዶው ውፍረት ነው። አዲስና ጥርት ያለ በረዶ አንድ እግረኛ እንዲሸከም ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር፤ ትንሽ አውቶሞቢል እንዲሸከም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መወፈር አለበት። እንደ ወተት የነጣው በረዶ ግን ጉልበቱ የጥርቱ እኩሌታ ያህል ስለ ሆነ ውፍረቱ እጥፍ ሊሆን ይገባል። ከዚህም በቀር ወንዝ በሚገባበትና ምንጭ በሚፈልቅበት ስፍራ በረዶው ይሳሳል። በላዩ የወደቀው አመዳይም እንደ ጋቢ ብርዱን እየከለከለ እንዳይወፍር ያደርገዋል፤ ስሱንም ስፍራ ከዓይን ይሰውራል። ስለዚህ ወንድሜ የእኛን ድጅኖ በሚመስል ረጅም ብረት ከፊቱ ያለውን በረዶ እየወጋ ይራመዳል፤ ብረቱ ዘልቆ ውኃ ካሳየው በመጣበት ዱካ ይመለሳል።

ውፍረት ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 28 ቀን 2022 አፐር ሬድ ሌክ በተባለው የሚኒሶታ ሐይቅ ላይ ሰፊ በረዶ ከዳር ተገንጥሎ 200 ያህል አጥማጆችን ይዞ ተንሳፈፈ፤ ደግነቱ ሁሉም ዳኑ። ስለዚህ ብልህ አጥማጅ የነፋሱን ነገር ሳይጠይቅ አይወጣም፤ ብቻውን አይሄድም፤ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተ ሰቡ ይናገራል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳል፤ ገመድ ይይዛል፤ እጀታ ያላቸው ሁለት ሹል ብረቶችም በአንገቱ ያንጠለጥላል።

በረዶው ቢከዳውስ? ቅዝቃዜው በመጀመሪያ ትንፋሹን ይነጥቀዋል፤ ነገር ግን አንድ ደቂቃ ያህል ቢታገሥ ትንፋሹ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ፊቱን ወደ መጣበት አቅጣጫ ያዙር፤ እስከዚያ የተሸከመው በረዶ በዚያ በኩል ነውና። ሹሎቹን ብረቶች በበረዶው ላይ ተክሎ፤ እግሩን እንደ ዋናተኛ እያራገበ፤ በሆዱ ይውጣ። ከወጣም በኋላ ሳይቆም እየተንከባለለ ይራቅ። ጓደኛውም በርኅራኄ ወደ ቀዳዳው ቢሮጥ ሁለቱም ይሰጥማሉ፤ ርቆ በሆዱ ተኝቶ ገመድ ይወርውርለት።

ሌላው አደጋ ከብርድ መሸሻ በተሠራችው ጎጆ ውስጥ ያለው ምድጃ ነው። መተንፈሻ ከሌላት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ይህስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በር ዘግተን ከሰል ስናነድ የሚገድለን ይኸው ጋዝ ነው።

የሚኒሶታ ሹማምንት ፈጽሞ የማያሠጋ በረዶ የለም ብለው ያስተምራሉ። እኔም ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚለው የአባቶች ምክር በበረዶም ላይ እንደሚሠራ ተረዳሁ። ይህን ሁሉ ለእናቴ ካስረዳኋት ወዲህ «አትሂድ» ማለትዋን ትታለች። ወንድሜ በደወለ ቁጥር ግን ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው «ድጅኖህን ይዘሃል? ከማን ጋር ነህ?» እያለች ነው።