ጃዝ ከየት መጣ? ከኮንጎ አደባባይ እስከ ሸክላ

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ኮንጎ አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እሑድ እሑድ በዚያ ተሰብስበው ከበሮ ይመቱ፣ በአገራቸው ወግ ይጨፍሩ ነበር። የጃዝ ምት አንዱ ሥር ከዚህ ይመዘዛል፤ የብሉዝ እንጉርጉሮ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የማርሽ ባንድ ስልት ኋላ ተቀላቀሉበት።

ይህ ቅይጥ በከተማዪቱ የቀብር ሥርዓት ጎልቶ ይሰማል። ባንዱ አስከሬኑን የሚሸኘው ዝግ ባለ መዝሙር ነው፤ ከቀብር መልስ ግን ዜማው ይፈጥናል፣ ለቀስተኛውም ይጨፍራል።

ለታዳጊዎች ግን ከሁሉም ይልቅ የሚቀርባቸው የሉዊ አርምስትሮንግ ልጅነት ሳይሆን አይቀርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 የተወለደው ሉዊ፣ በ1912 የመጨረሻ ምሽት ሽጉጥ ወደ ሰማይ በመተኮሱ ተይዞ ለጥቁር ልጆች ወደተቋቋመ ማረሚያ ተላከ። ዕድሜው ገና 11 ነበር። ከትራምፔት አጠር የሚለውን ኮርኔት በወጉ መጫወት የተማረው በማረሚያው ባንድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ በ1917 ሲወጣ ግን ያስቀረጹት ነጭ ሙዚቀኞች ነበሩ። ከእነርሱ ቀድሞ በኒው ኦርሊንስ የገነነው ጥቁሩ ኮርኔት ተጫዋች ባዲ ቦልደን አንድም የተቀረጸ ድምፅ አልተረፈለትም፤ አጨዋወቱ የሚታወቀው በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች በተናገሩት ብቻ ነው።