የባሕር ማዶው «ክረምት» እና የእኛ ተማሪ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ ደጋግመው ከተነሡት ወሬዎች አንዱ በተማሪዎች ልውውጥ ወደ ውጭ አገር ሄዶ መማር ነው። ወሬው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከወሬው ጋር አብሮ የሚሄደው ዕውቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ የእኛ አገር ተማሪ በባዕድ ቤት ተቀምጦ የፈረንጆቹን የክረምት ዕረፍት ሲያሳልፍ ምን እንደሚገጥመው፣ ከእኛ በፊት የሄዱትስ ምን ይዘው እንደ ተመለሱ፣ ከመጻሕፍት ያገኘሁትንና ከሰው የሰማሁትን በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ «ክረምት» የሚለውን ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለውን የዝናብ ወራት ነው፤ የትምህርት ቤታችንም ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነው። በእርግጥ በሲቀላ ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ስለ ሆነ፣ ሐምሌ ለእኛ ስሙ እንጂ ግብሩ ክረምት አይደለም። ፈረንጆች ክረምት የሚሉት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የብርድ ወራት ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር በጋ ነው። እንግዲህ አንድ የሲቀላ ልጅ በሐምሌ ዕረፍቱ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ቢሄድ የሚያገኘው ሙቀት ነው። ብርዱን የሚያየው ለሙሉ የትምህርት ዓመት የሄደው ነው፤ እኛ ለመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስንዘጋጅ እርሱ ዕረፍት ላይ ይሆናል።

ብርዱስ ከየት ይመጣል? ምድር ፀሐይን የምትዞረው ቀጥ ብላ ሳይሆን 23.5 ዲግሪ ያህል አዘንብላ ነው። በታኅሣሥ ወር የሰሜኑ ክፍል ከፀሐይ ፊቱን ስለሚያዞር ብርሃኑ የሚያርፍበት በአግድም ነው። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ደብተራችሁ ላይ በቀጥታ ብታበሩት ብርሃኑ ጠባብና ደማቅ ይሆናል፤ አዘንብላችሁ ብታበሩት ግን ሰፍቶ ይደክማል። የፀሐይም ሙቀት እንደዚሁ ነው። ቀኑም ያጥራል። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ፀሐይ ከወጣችበት ተነሥተን ሰዓት መቍጠራችንም ከዚህ የተነሣ ይስማማናል። በ60 ዲግሪ ላይ ባለችው በሴንት ፒተርስበርግ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። እዚያ ያለ ተማሪ በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ሲመሻሽ ይመለሳል።

«በረዶ» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ያሳስታል። የእኛ በረዶ ከዝናብ ጋር እንደ ጠጠር እየወረደ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው፣ በደጋ የእንሰቱን ቅጠል የሚቀደው ነው። የእነርሱ ግን በደመናው ውስጥ ያለው እርጥበት ረግቶ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ ነው፤ የዶርዜ ሴቶች ለፈትል ያዘጋጁትን ባዘቶ ነፋስ ቢበትነው ይመስላል። መንገዱን፣ ጣራውንና ዛፉን ሁሉ ይሸፍናል።

ከሲቀላ ሙቀት ለሚነሣ ሰው ብርድን ለመገመት ቅርቡ መንገድ ወደ ጨንቻ መውጣት ነው፤ ነገር ግን ጨንቻም ቢሆን የዚያን ብርድ ሩቡን አይነግረውም። መከላከያው አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ አይደለም፤ በላይ በላዩ የሚለበሱ ብዙ ልብሶች ናቸው። ሰውነትን የሚያሞቀው በልብሶቹ መካከል የሚታገተው አየር ነውና። ይህን ጥበብ የጋሞ ሸማኔዎች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ ጋቢ በአራት ድርብ መሠራቱ ለዚሁ ነው። ስለዚህ ለሚሄድ ተማሪ እናቱ ጋቢ ብትሰጠው አይናቅ፤ ለመታሰቢያም ለሙቀትም ይሆነዋል።

ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ግን የበዓሉ ሰሞን ነው ይባላል። የብዙዎቹ ፈረንጆች ልደት ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ይውላል፤ የእኛ ገና የሚመጣው ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 29 ነው። ያስተናገደው ቤተ ሰብ ደስ ብሎት ሲበላ ሲጠጣ ተማሪው በዓሉ ገና እንዳልደረሰ ይሰማዋል፤ የእርሱ በዓል ሲደርስ ደግሞ እነርሱ ጨርሰው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ያን ጊዜ ነው «ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ» የሚባለው የሚገባው። ብልህ የሆነ እንግዳ ግን የእነርሱን በዓል በደስታ አክብሮ፣ የእኛን ደግሞ በተራው ቡና አፍልቶ ያሳያቸዋል። ልውውጥ የተባለውም ስለዚህ ነው፤ መቀበል ብቻ ሳይሆን መስጠትም አለበት።

ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል። ከተመለሱ በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትርም ጽፈዋል፤ ኢጣልያ አገራችንን ስትወርም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተሟግተዋል። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተልከው መጀመሪያ በኦሃዮ፣ ኋላም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። በጦርነቱ ጊዜ ለአገራቸው አገለገሉ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በባዕድ ቤተ ሰብ ዘንድ እየተቀመጡ መማራቸው በሰፊው የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለው ድርጅት በ1914 እ.ኤ.አ. የጦር ቁስለኞችን በመኪና በማመላለስ ሥራ ጀምሮ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ወደ መለዋወጥ ተሻገረ። ቁስለኛ ሲያመላልሱ የነበሩት ሰዎች «ወጣቶች ቀድመው ቢተዋወቁ ኋላ አይዋጉም» ብለው ማሰባቸው ነው። ከአገራችንም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ።

እኛም አስተናጋጆች ሆነን እናውቃለን። በ1958 እ.ኤ.አ. ነጻ የሆኑት የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጠች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች በአዲስ አበባ ከእኛ ተማሪዎች ጋር አብረው ኖሩ። ስለ ነጻነትና ስለ አስተዳደር ያነሡት የነበረው ጥያቄ የእኛዎቹንም ስለ ገዛ አገራቸው እንዲጠይቁ አነሣሥቷል። እንግዳ ሲመጣ አስተናጋጁም ይማራል ማለት ነው።

በሰፈራችን ጋሼ የምለው አንድ ጎረቤት አለን። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ናቸው። ከእነዚያ ብዙዎቹ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። ግማሽ ቀን ይማሩ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በሎሚ ወገን እርሻ ይሠሩ ነበር። ኩባ በረዶ የለባትም፤ ልደትም በዚያ ዘመን የሥራ ቀን ነበር፤ በዓልነቱ የተመለሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። «ብርድ ሳይኖርም ሰው ይበርደዋል፤ የሚያሞቀው ሥራና ጓደኛ ነው» ብለው ነግረውኛል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ባወራሁት ጊዜ ዝም ብሎ ሰማኝና «መሄዱስ ይሁን፤ ሄዶ የሚመለሰው ስንቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሁላችሁም ወላጆች ጥያቄ ስለ ሆነ ልሸሸው አልፈልግም። በእርግጥ ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ከተነሣው አብዮት በኋላ በነበረው መከራ ምክንያት በውጭ ሳሉ የቀሩ አሉ፤ ኑሮ ተስማምቷቸው የቀሩም አሉ። የቀረውን ሁሉ አልወቅስም፤ ከሩቅ ሆኖ ቤተ ሰቡን የሚረዳ እንዳለ በሲቀላ ገበያ ዙሪያ የተሠሩት ቤቶች ይመሰክራሉ። እኔ በበኩሌ ግን አባቴን የመለስኩለት፣ ልውውጥ ከስደት የሚለየው መመለሻው አስቀድሞ በመቈረጡ ነው ብዬ ነው። የተላከ ሰው መልእክቱን ያደርሳል። አባቴም «እንግዲያው መልእክቱን ከመሄድህ በፊት እወቀው» አለኝ።

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ ሆይ፤ ዕድሉን የምትፈልጉ ሁሉ ሦስት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ ቋንቋውን ዛሬ በክፍላችን አጥኑ፤ እዚያ ደርሶ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ አገራችሁን እወቁ፤ ስለ አባያና ስለ ጫሞ ሐይቅ፣ ስለ አርባዎቹ ምንጮች፣ ስለ ነጭ ሳር፣ ስለ ጋሞ አባቶች የዕርቅ ሥርዓት ተጠይቆ አላውቅም ማለት ያሳፍራል። ሦስተኛ፣ የላኪው ድርጅት ማን እንደ ሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ የሚመለሱበትም ቀን መቼ እንደ ሆነ ከወላጆቻችሁና ከመምህራን ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን።

ወላጆችም ልጆቻችሁን በፍርሃት ብቻ አትያዙ፤ ጠይቁ፣ መርምሩ፣ ከዚያም ጋቢውን አልብሳችሁ ሸኙ። መምህራንም የጀመራችሁልንን አደራ እስከ መጨረሻው እንድታደርሱልን በትሕትና እለምናለሁ።