የደም ጠባቂዎች ምልክትና የሕመምተኛው ዕድሜ

በሐኪሞች ቋንቋ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ነቀርሳ ስሙን ያገኘው ከጀርመኑ ሊቅ ከሩዶልፍ ፊርኾ በ1847 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጻፈውም ሁሉ እንዲሁ)። ትርጓሜውም ከግሪክ ቋንቋ ሲመለስ ነጭ ደም ማለት ነው። ሰውን ከበሽታ ይጠብቁ ዘንድ የተሰናዱት ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ በዝተው፥ ጥበቃቸውን ትተው፥ የሚጠብቁትን አካል ይወርሩታል። ዘበኛው የተሾመበትን ቤት ሲዘርፍ እንደ ማለት ነው።

ደዌው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፈጥኖ የሚገድል አለ፤ ዝግ ብሎ ብዙ ዓመት የሚቆይም አለ። ከዘገምተኞቹ አንዱ በሽማግሌዎች ላይ የሚበዛው ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ ነው፤ ሐኪሞችንም ብዙ ዘመን ያስጨነቀ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ባንድ ዕድሜ ሳሉ ባንድ ቀን ታመው ይገኛሉ። ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድ ይመስላል። ነገር ግን አንደኛው ያለ መድኃኒት ሃያ ዓመት ኖሮ በሌላ ምክንያት ሲሞት፥ ሁለተኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልፋል። ቀድሞ መድኃኒት መስጠትም ዕድሜን እንዳላስረዘመ በፈረንሳይ አገር የተደረገ ምርመራ በ1998 ዓ.ም. ገለጠ። እንግዲህ ቤቱን ሊያሰናዳ፥ ልጁን ሊድር፥ ኑዛዜውን ሊጽፍ የሚሻ ሰው «ስንት ዘመን ቀረኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሐኪሙ «ቆይተን እንይ» ከማለት በቀር የሚመልሰው አልነበረውም።

በእያንዳንዱ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህም የሕዋሱን ወገንና ጠባይ የሚያስታውቁ ማኅተሞች ናቸው። ማኅተሙን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ እንደ ልብ የሚሠራበትን ጥበብ በ1975 ዓ.ም. በኬምብሪጅ ያገኙት ጊዮርግ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ናቸው፤ በ1984 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ከዚያም በኋላ ሁሉም ለሚያገኘው ማኅተም በየራሱ ስም ስላወጣ የባቢሎን ግንብ ነገር ሆነ። ስለዚህ ሊቃውንቱ በ1982 ዓ.ም. በፓሪስ ተሰብስበው፥ ማኅተሙ ሁሉ ሲዲ በሚል ፊደልና በቍጥር እንዲጠራ ተስማሙ።

በ1999 ዓ.ም. በኑዮርክ ዶክቶር ዳምልና ዶክቶር ኪዮራትዚ፥ በእንግሊዝ አገርም ዶክቶር ሃምብሊን ከየባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ባንድ መጽሔት ላይ ተመሳሳይ ነገር አወጡ። የሕዋሱ የአንቲቦዲ ጂን ከመጀመሪያ መልኩ ተለውጦ የተገኘ እንደ ሆነ ሕመምተኛው ረዥም ዘመን ይኖራል፤ ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ ግን ዕድሜው ያጥራል። ሃምብሊን ደዌው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከነበሩት ሲቈጥር፥ የሕመምተኞቹ እኩሌታ በሕይወት የቆዩበት ዘመን ለመጀመሪያዎቹ 293 ወር፥ ለሁለተኛዎቹ 95 ወር ሆነ። የኑዮርኮቹም በላዩ ጨምረው፥ ከታመሙት ሕዋሳት ከመቶ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲዲ 38 የሚባለውን ማኅተም ከያዙ ነገሩ ክፉ እንደ ሆነ ገለጡ። ጂን ማንበብ በዚያ ጊዜ ድካምና ወጪ ነበረው፤ ማኅተሙን ግን በብርሃን ጨረር ሕዋሳትን ባንድ ባንድ የሚቈጥር መሣሪያ ወዲያው ይናገር ነበርና ሐኪም ቤቶች ደስ አላቸው።

ደስታው ግን ጥቂት ቀድሞ ነበር። ሲዲ 38 ከጂኑ ጋራ ሁልጊዜ እንደማይስማማ፥ በአንዱ ሕመምተኛም ላይ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊለዋወጥ እንደሚችል ያው ሃምብሊን ከባልደረቦቹ ጋራ ቈይቶ አሳየ። ጂኑ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ሲዲ 38 ከዳኝነት ወርዶ ከምስክሮች እንደ አንዱ ተቈጠረ፤ ከማኅተሞቹም ሲዲ 49ዲ ከርሱ የበረታ ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ መድኃኒቱ ነው። በየቀኑ የሚዋጠው ኢብሩቲኒብ በ1997 ዓ.ም. እንደ ወጣው እንደ ሪቱክሲማብ ማኅተም ፈልጎ የሚይዝ አይደለም፤ ሕዋሱን «ኑር፥ ብዛ» የሚለውን የውስጥ ትእዛዝ ይቈርጣል። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ለዚህ ደዌ ከተፈቀደ ወዲህ ጂናቸው ያልተለወጠውም ሕመምተኞች ከሌሎቹ ብዙ ሳይርቁ ሲጠቀሙ ታይቷል። እንግዲህ ያ 95 ወር የተቈጠረው በአሮጌው መድኃኒት ዘመን ነውና፥ ያንኑ ቍጥር ለዛሬው ሕመምተኛ እንዳለ የሚያነብለት ሐኪም ያሳስተዋል። ቍጥሩም ቢሆን የብዙ ሰዎች እኩሌታ እንጂ ያንድ ሰው ቀጠሮ አይደለም።

ዛሬም ቢሆን ምልክቱ ክፉ ሆኖ የተገኘ ሰው፥ ደዌው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከሆነና ሕመም ካልተሰማው፥ በምልክቱ ብቻ መድኃኒት አይጀመርለትም። ደሙን እያስመረመረ ይቆያል፤ ሐኪሙም ምልክቱን በመዝገብ ጽፎ ቀጠሮውን ያቀርብለታል።